ማሽኑ «62» ሲል ምን ማለቱ ነው? የደረት ራጅ ስለሚያነቡ ፕሮግራሞች የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጤና መኮንን ነኝ። ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ በቅርቡ ተንቀሳቃሽ የራጅ መሣሪያ ከኮምፒውተር ፕሮግራም ጋር መጥቶልናል። ፕሮግራሙ የደረት ራጁን አይቶ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል፤ ከ50 በላይ ከሆነ አክታ ይላክ ተብለናል። አንድ ታካሚ 62 አገኘ። በቲቢ የመያዝ ዕድሉ 62 በመቶ ነው ማለት ነው? ደግሞስ መሣሪያው እንደ ሐኪም ያስባል የሚሉት እውነት ነው? እኔና እሱ ሳንስማማ ስንቀር ማንን ልስማ?»

ምላሽ፦

የመጀመሪያውን ሳላንዛዛ ልመልስ። አይደለም፤ 62 ማለት 62 በመቶ ማለት አይደለም። ነጥቡ የሚነግርዎ ይህ የራጅ ፊልም ፕሮግራሙ ከተማረባቸው ፊልሞች ውስጥ «ቲቢ» ከተባሉት ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ነው። 70 ያገኘው ሰው ፊልም 62 ካገኘው ሰው ፊልም ይልቅ ቲቢ ይመስላል ማለት ይቻላል። «እንዲህ ዓይነት ነጥብ ካገኙ መቶ ሰዎች 62ቱ ታመዋል» ማለት ግን አይቻልም። መሣሪያው ነጥብ ይሰጣል እንጂ አይወስንም። ውሳኔው ያለው 50 የምትለው ቁጥር ላይ ነው፤ እሷን ደግሞ ያስቀመጣት ሰው ነው። ሥራዬ የሕክምና ምስል የሚያነቡ ፕሮግራሞችን ማሠልጠንና መፈተሽ ስለሆነ ይህ ነገር ሲምታታ ምን ጉዳት እንደሚያመጣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ኮምፒውተር እንደ ሰው መልክ እንዲለይና እንዲወስን ለማድረግ የተሄደባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። ሁለቱንም ማወቁ ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው በሐሳቡ የያዘው የመጀመሪያውን ሲሆን እናንተ ጤና ጣቢያ የመጣው ግን ሁለተኛው ነውና። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የመጀመሪያው የሕግ መንገድ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኤድዋርድ ሾርትሊፍ ማይሲን የተባለ ፕሮግራም ሠራ። ሥራው ደም ውስጥ የገባን ባክቴሪያና ማጅራት ገትርን ለይቶ አንቲባዮቲክ መምረጥ ነበር። ውስጡ ከሐኪሞች ተጠይቀው የተጻፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕጎች ነበሩት። አንዱ ለምሳሌ «ባክቴሪያው ግራም ኔጌቲቭ ከሆነ፣ ቅርጹ ዘንግ መሳይ ከሆነ፣ ያለ ኦክስጅን የሚኖር ከሆነ፣ ባክቴሮይድስ የተባለው የባክቴሪያ ዓይነት ለመሆኑ ፍንጭ አለ» ይላል፤ ከጎኑም የፍንጩ ጥንካሬ በቁጥር ተቀምጧል። በ1979 በታተመ ግምገማ የማይሲን የመድኃኒት ምርጫ በመዛኞቹ ዘንድ 65 በመቶ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ስፔሻሊስቶች ከ42.5 እስከ 62.5 በመቶ ነበር ያገኙት። ያም ሆኖ ለዕለት ተዕለት ሕክምና ሳይውል ቀረ። አንድ ትልቅ ጸጋ ግን ነበረው፦ «ለምን እንዲህ አልክ?» ሲባል የተጠቀመበትን ሕግ አውጥቶ ያሳያል።

ራጅ ላይ ይህ መንገድ አይሠራም። ልምድ ያለውን ራዲዮሎጂስት «ይህ ቲቢ መሆኑን በምን አወቁ?» ብለው ቢጠይቁት ከላይኛው የሳንባ ክፍል ያለ ጥላ፣ ባዶ ዋሻ፣ ያበጠ እጢ ይልዎታል። ጥላው ከስንት ነጥብ ጀምሮ ነው ጥላ የሚባለው፣ ጠርዙ ስንት ያህል ሲደበዝዝ ነው የሚያጠራጥረው ብለው ቢገፉበት ግን መልስ የለውም። ዓይኑ ያውቀዋል፤ አፉ ግን አይናገረውም። በአፍ የማይነገር እውቀት ደግሞ ወደ ሕግ አይጻፍም።

ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ መጣ፤ ሕግ ከመጻፍ ይልቅ ምሳሌ ማሳየት። ሐሳቡ ረጅም ዕድሜ አለው። በ1943 ዋረን መኩሎክና ዋልተር ፒትስ የአንጎልን ነርቭ በቀላል ሒሳብ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጡ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ፍራንክ ሮዘንብላት ፐርሴፕትሮን የተባለውን፣ ከስህተቱ እየታረመ ቅርጽ መለየት የሚማረውን መሣሪያ ሠራ። በ1969 ማርቪን ሚንስኪና ሲሞር ፓፐርት የዚህን ባለ አንድ ንብርብር መሣሪያ ድክመት በሒሳብ አሳዩና ነገሩ ለዓመታት ቀዘቀዘ። በ1986 ስህተትን ከመጨረሻው ንብርብር ወደ ኋላ እያከፋፈሉ ብዙ ንብርብር ያለውን መረብ (እርስ በርስ የተያያዙ የሒሳብ ነርቮችን) ማሠልጠን እንደሚቻል ያሳየው የራመልሃርት፣ የሂንተንና የዊሊያምስ ሥራ ነገሩን አነቃቃው። በ2012 ደግሞ እንዲህ ያለ መረብ በትልቅ የፎቶ መለየት ውድድር ሌሎቹን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። የእናንተ ፕሮግራም የዚህ ቤተሰብ ልጅ ነው።

ውስጡ ምን እንደሚሠራ በቁጥር ላሳይዎ፤ አስማት እንዳልሆነ ያኔ ይገባል። ዲጂታል ራጅ ለኮምፒውተሩ የቁጥር ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ለምሳሌ ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) የሆነ ቁጥር አለው። አየር የሞላው ሳንባ ጠቆር ስለሚል 40 እንበለው፤ የጎድን አጥንቱ ነጣ ስለሚል 200። አሁን በሳንባውና በአጥንቱ ድንበር ላይ 3 በ3 የሆነች ትንሽ ካሬ እንውሰድ። የግራና የመካከለኛው አምድ 40፣ የቀኙ አምድ 200 ነው። ፕሮግራሙ በዚህች ካሬ ላይ የራሱን ትንሽ ካሬ ይደርባል፦ የግራው አምድ በ−1፣ የመካከለኛው በ0፣ የቀኙ በ1 ይባዛና ይደመራል። አንዱ ረድፍ −40 ሲደመር 0 ሲደመር 200፣ ማለትም 160 ይሆናል። ሦስቱ ረድፎች ሲደመሩ 480። ይህችኑ ካሬ ወደ ሳንባው መሐል፣ ሁሉም 40 ወደሆነበት ቦታ ያንሸራትቷት፦ −40 ሲደመር 40፣ ዜሮ። እንግዲህ ይህች ትንሽ ካሬ ድንበር ባለበት ትጮኻለች፤ ድንበር በሌለበት ዝም ትላለች። ማየት ማለት ለዚህ መሣሪያ ይኸው ነው።

ከዚህ በላይ ያለው የዚሁ ድግግሞሽ ነው። ብዙ እንዲህ ያሉ ካሬዎች ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ይዳስሱታል። የእነሱ ውጤት ራሱ አዲስ ሠንጠረዥ ይሆንና በላዩ ላይ ሌሎች ካሬዎች ያልፋሉ። ታችኛው ንብርብር ጠርዝ ይለያል፤ ከሱ በላይ ያለው ጠርዞችን አጋጥሞ ክብ፣ መስመር፣ ጥልፍልፍ ይለያል፤ ወደ ላይኛው ሲደረስ ለሳንባ ዋሻ ወይም ለፈሳሽ ስሜት ያላቸው ክፍሎች ይገኛሉ። ዋናው ነገር −1፣ 0፣ 1 ያልኩትን ዓይነት ቁጥሮች ማንም እጁን ሰድዶ አይጽፋቸውም። መጀመሪያ በዘፈቀደ ይቀመጣሉ። ከዚያ «ይህ ቲቢ ነው»፣ «ይህ አይደለም» የሚል ምልክት ያለበት ፊልም ይቀርብለትና ይገምታል። ሲሳሳት ለስህተቱ እያንዳንዱ ቁጥር ምን ያህል አስተዋጽኦ እንዳደረገ ይሰላል፤ እያንዳንዱም በጥቂቱ ወደሚያርመው አቅጣጫ ይገፋል። ይህ በብዙ ሺህ ፊልሞች ላይ ደጋግሞ ሲሠራ፣ ሚሊዮኖች የሚሆኑት ቁጥሮች ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። በመጨረሻ ሁሉም ተጠራቅሞ ከ0 እስከ 1 ወዳለ አንድ ቁጥር ይጨመቃል። በ100 ሲባዛ የእናንተ 62 ይሆናል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ቁጥሩ የተቀረጸው በሥልጠናው ፊልሞች ነው። ከሥልጠናው ፊልሞች ግማሾቹ የቲቢ ሕሙማን ከነበሩ፣ ፕሮግራሙ ያደገው ከሁለት ሰው አንዱ በሚታመምበት ዓለም ውስጥ ነው፤ የእናንተ ወረዳ ግን እንደዚያ አይደለም። ሁለተኛ፣ «ይህ ቲቢ ነው» ብሎ ምልክት ያደረገው ማን እንደነበር ወሳኝ ነው። በጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ዘረ መል ከአክታ ውስጥ በሚፈልግ ማሽን) ወይም በካልቸር (ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ በማሳደግ) የተረጋገጠ ከሆነ መሣሪያው የበሽታውን መልክ ተምሯል። ራዲዮሎጂስት አይቶ ያለው ብቻ ከሆነ የተማረው የዚያን ራዲዮሎጂስት ዓይን ነው፤ እሱ የሚስተውን አብሮ ይስታል። መሣሪያውን ያመጣላችሁን አካል ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አያመንቱ።

እንደ ሐኪም ያስባል ወይ ለሚለው ደግሞ፣ ማየቱ ላይ ከሐኪም ዓይን ጋር የሚቀራረብ፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ሥራ ይሠራል። በ2021 በታተመ አንድ ጥናት በዳካ፣ ባንግላዴሽ፣ የ23,954 ሰዎች ራጅ ለአምስት እንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች ተሰጥቶ አምስቱም ከአገሩ ራዲዮሎጂስቶች የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በቲቢ ልየታ ጊዜ ፕሮግራሞቹ በሰው ንባብ ምትክ ሊያገለግሉ እንደሚችሉ መክሯል። ቲቢ በብዛት ከሚገኝባቸው 30 አገሮች አንዷ ለሆነችውና ራዲዮሎጂስት ከትልልቅ ከተሞች ውጭ እንደልብ ለማይገኝባት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ መሣሪያው በመምጣቱ ደስ ብሎኛል። ማሰብ የሚባለው ግን ሌላ ነው። ሐኪም ካርዱን ያነባል፤ ስንት ሳምንት እንዳሳለዎት፣ ሌሊት ያልብዎት እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ማን እንደታመመ፣ ከዚህ በፊት መድኃኒት ጀምረው አቋርጠው እንደሆነ ይጠይቃል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ፊልሙን ብቻ ነው። ታካሚው ከፊቱ ተቀምጦ ደም ሲተፋ እንኳ ነጥቡ አይለወጥም።

አሁን ወደ 50 ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ እንዲገባ የምፈልገው ይህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ዓይነት ማጣሪያ ቢያንስ ያስፈልጋል ያለው መለኪያ ከ100 ታማሚዎች 90ውን መያዝ፣ ከ100 ጤነኞችም 70ውን በትክክል ማሳለፍ ነው። የእናንተ መሣሪያ 50 ላይ ሲቆረጥ ልክ ይህን ያሟላል እንበል። በገበያ ቀን ድንኳን ተክላችሁ የመጣውን ሁሉ ራጅ አነሳችሁ፤ 1,000 ሰው፤ ከእነሱ ውስጥ 10ሩ ቲቢ አለባቸው። መሣሪያው ከ10ሩ 9ኙን ይይዛል፣ አንዱ ያመልጣል። ከ990ዎቹ ጤነኞች ደግሞ 30 በመቶው፣ ማለትም 297 ሰው ከ50 በላይ ያገኛል። በድምሩ 306 ሰው አክታ ይስጥ ይባላል፤ ከእነዚህ ውስጥ የታመሙት 9 ናቸው፤ ከመቶ ሦስት ያህል። አሁን ደግሞ ያንኑ መሣሪያ ወደ ተመላላሽ ክፍል እናስገባው። የሚነሱት ከሁለት ሳምንት በላይ ያሳላቸው 1,000 ሰዎች ናቸው፤ 150ው ታመዋል እንበል። 135ቱ ይያዛሉ፣ 15ቱ ያመልጣሉ፤ ከ850ዎቹ ጤነኞች 255ቱ በስህተት ይያዛሉ። ከ390 ተላኪዎች 135ቱ በእርግጥ የታመሙ ናቸው፤ ከመቶ 35 ገደማ። መሣሪያው ያው፣ ቁጥሯም ያቺው 50፤ ከመስመሩ በላይ መሆን ግን ድንኳኑ ውስጥና ተመላላሽ ክፍሉ ውስጥ ፈጽሞ የተለያየ ትርጉም አለው። ነጥቡ ስለ ሕዝቡ ምንም አያውቅምና።

መቁረጫ ቁጥሯን ማን ይምረጣት? መልሱ ያለው ላቦራቶሪው ውስጥ ነው። ባለ አራት ክፍል የጂን ኤክስፐርት ማሽን አንዱ ዙር ሁለት ሰዓት ገደማ ቢፈጅበት፣ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ቢበዛ 16 ናሙና ይሠራል። 306 ናሙና ማለት ከ19 የሥራ ቀን በላይ ነው፤ መብራት ካልጠፋና ካርትሪጅ (እያንዳንዱ ናሙና የሚሠራበት መያዣ) ካላለቀ። ቁጥሯ ወንፊት ናት፦ ዝቅ ስትል ቀዳዳው ይጠብና ብዙ ይያዛል፣ ላቦራቶሪውም ይጨናነቃል፤ ከፍ ስትል ቀዳዳው ይሰፋና ሥራው ይቀላል፣ የታመመ ሰው ግን አብሮ ያልፋል። አንድ ያመለጠ ታማሚ ቤተሰቡንና ጎረቤቱን እያስያዘ ወራት ሊቆይ ይችላል። ይህን ከ297 ሰዎች እንግልትና ከካርትሪጅ ወጪ ጋር ማመዛዘን የሕክምና፣ የገንዘብና የኅሊና ውሳኔ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ሒሳብ አይደለም። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች የፋብሪካውን ቁጥር እንዳለ ከመቀበል ይልቅ በራሳቸው ሕዝብ ላይ አጥንተው እንዲያስተካክሉ የሚያሳስበው። ለእናንተ 50 የተሰጠው በምን ጥናት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በዞኑ ካለ ይጠይቁ።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይህኛው ከመቁረጫው ይልቅ ረቂቅ ነው። ፕሮግራሙ ምልክት የሚፈልገው ግምቱ ትክክል እንዲወጣለት እንጂ በሽታውን ለመረዳት አይደለም። በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የሳንባ ምች ከደረት ራጅ እንዲለይ የሠለጠነ መረብን መረመረ። ፊልሞቹ ከተለያዩ ሆስፒታሎች የመጡ ናቸው፤ በአንዱ ከ100 ፊልም 34ቱ ምች ያለባቸው ሲሆን በሌላው 1 ብቻ ነበር። መረቡ ፊልሙ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ መለየትን ተማረ፤ የራጅ ባለሙያዎች በፊልሙ ጥግ የሚያስቀምጧት የብረት ምልክት ሳይቀር ትረዳው ነበር። ሆስፒታሉን ማወቅ ምቹን ከመገመት ግማሽ መንገድ ስለሆነ ነጥቡ አማረ፤ ሌላ ሆስፒታል ሲሄድ ግን ወረደ።

ከዚህም የሚብሰው በ1990ዎቹ እዚያው አሜሪካ የታየው ነው። የሳንባ ምች የያዛቸው ሰዎች ማን ሊሞት እንደሚችል ከታካሚዎች መዝገብ እንዲማር የተደረገ ሥርዓት፣ አስም ያለበት ሰው የመሞት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው የሚል ሕግ አወጣ። መዝገቡ አልዋሸም። አስም ያለበት ሰው ምች ሲይዘው ሐኪሞቹ ወዲያው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለሚያስገቡት የሚሞተው ጥቂት ነበር። ሥርዓቱ የሐኪሞቹን ጥንቃቄ የበሽታው ባሕርይ አድርጎ ወሰደው። በዚያ ሕግ ቢሠራ ኖሮ አስም ያለበትን ሰው ወደ ቤቱ ይልክ ነበር። ከመዝገብ የሚማር መሣሪያ ውስጥ ሁልጊዜ የሰው ውሳኔ ተሸሽጎ እንዳለ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

«በእኛ ሰው ላይ ተፈትኗል ወይ?» የሚለውም ጥያቄ ቦታ አለው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ባወጣችው ጥናት፣ ከፊት ፎቶ ጾታ የሚለዩ የገበያ ፕሮግራሞች ቆዳቸው ነጣ ያለ ወንዶች ላይ ስህተታቸው ቢበዛ 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ይደርስ እንደነበር አሳይተዋል። ራጅ የቆዳ ቀለም አያሳይም። ትምህርቱ ግን ያው ነው፦ አማካይ ውጤቱ ጥሩ የሆነ ፕሮግራም አንድን ወገን ለይቶ ሊስት ይችላል። የዳካው ጥናት ራሱ ፕሮግራሞቹ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ከዚህ በፊት ቲቢ ታመው በነበሩ ሰዎች ላይ ደካማ እንደሚሆኑ አግኝቷል። ምክንያቱን ማየት አይከብድም፤ የዳነ ቲቢ ሳንባ ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ጠባሳና ሕያው በሽታ ደግሞ ፊልም ላይ ይመሳሰላሉ። ልዩነቱን የሚያወጣው «ከዚህ በፊት የስድስት ወር መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ?» የሚለው የእርስዎ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ሳትስማሙ ስትቀሩ። ይህ እንደ አለመስማማቱ ዓይነት ይለያያል።

ነጥቡ ዝቅ ብሎ እርስዎ ከጠረጠሩ ጥርጣሬዎን ይከተሉ፤ አክታውን ይላኩ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ከቲቢ ታማሚ ጋር አብሮ መኖር፣ እነዚህ ካሉ 18 የሚል ነጥብ ሊያስቀራቸው አይገባም። በተለይ ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይጠንቀቁ፤ የመከላከል አቅም ሲወርድ ሳንባው የተለመደውን ዋሻና ጥላ ላያሳይ፣ ፊልሙም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ከሳንባ ውጭ ያለ ቲቢም ከደረት ፊልም ላይ አይነበብም። ልጆችን በተመለከተ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ከ15 ዓመት በታች ላሉት አይሠራምና በነጥቡ አይመሩ።

ነጥቡ ከፍ ብሎ እርስዎ ምንም ካልታየዎትም አክታውን ይላኩ፤ ዓይን የሚያልፈው ጥላ ብዙ ነው። በነጥቡ ብቻ ግን መድኃኒት አይጀመርም። አክታው ነጻ ሆኖ ከተመለሰ ደግሞ ጉዳዩን አይዝጉት። ፕሮግራሙ የተጠየቀው ስለ ቲቢ ነው፤ ያየው ጥላ የልብ ድካም፣ የምች ወይም የዕጢ ሊሆን ይችላልና ፊልሙን ለሐኪም ያሳዩ ወይም ሪፈር ይጻፉ። አንዳንድ ፕሮግራሞች ፊልሙ ላይ ቀይና ቢጫ ቀለም ይቀባሉ። ቀለሙ ነጥቡን የት ቦታ እንደጨመረው ያሳያል፤ ለምን እንደጨመረው አይናገርም፤ ማይሲን ሕጉን ያወጣ እንደነበረው ምክንያት አይሰጥዎም።

አንድ ልማድ ከአሁኑ እንዲይዙ እለምንዎታለሁ። ታካሚውን ጠይቀው፣ ፊልሙን በራስዎ ዓይን አይተው፣ የሚጠረጥሩትን ካርዱ ላይ ከጻፉ በኋላ ነጥቡን ይክፈቱ። ሰው ቁጥር ካየ በኋላ ዓይኑ ቁጥሩን መከተል ይጀምራል፤ ይህ ከስንፍና የሚመጣ አይደለም፣ ልምድ ያላቸው ሐኪሞችም ላይ ይታያል። ሁለት ዓይን ዋጋ የሚኖረው አንዱ ሌላውን ሳይሰማ ሲያይ ነው።

ፊልሙ ሲነሳም ጥንቃቄው የእናንተ ነው። ሹሩባ ትከሻ ላይ ወርዶ በሳንባው ጫፍ ላይ ካረፈ ፊልሙ ላይ ጥላ ይሠራል፤ ያ ቦታ ደግሞ ቲቢ የሚወደው ቦታ ነው። ፀጉሩን ወደ ላይ ሰብሰብ ማድረግ በቂ ነው። የአንገት መስቀልና የብረት ጌጥም እንዲሁ። ማተብ በጥሱ አይባልም፤ መስቀሉን ወደ አገጭ ከፍ አድርገው እንዲይዙት በአክብሮት ከተጠየቁ ሰዎች ደስ ብሏቸው ያደርጉታል። ትንፋሽ በደንብ ተስቦ ካልተያዘ ወይም ደረቱ ጎን ከዞረም ነጥቡ ይዛባል፤ እንዲህ ያለውን ፊልም ደግሞ ማንሳት ይሻላል።

በመጨረሻ ስለ መዝገቡ። ለእያንዳንዱ ታካሚ ነጥቡን፣ የአክታውን ውጤትና የፕሮግራሙን ሥሪት ቁጥር ይመዝግቡ። ሥሪቱ ሲታደስ ያው ፊልም ሌላ ነጥብ ሊያገኝ ስለሚችል የአምናው 50 እና የዘንድሮው 50 አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ ግን ከ50 በታች ካገኙት ውስጥም የተወሰኑትን፣ ሳይመርጡ፣ አክታቸውን ይላኩ። አሁን ባለው አሠራር የሚመረመሩት ከመስመሩ በላይ ያሉት ብቻ ስለሆኑ በስህተት የተያዙትን ትቆጥራላችሁ፤ ያመለጡትን ግን በምንም መንገድ አታዩአቸውም፤ መሣሪያውም ምንም የማይስት ይመስላል። ጥቂት ወራት እንዲህ ከመዘገባችሁ በኋላ ለወረዳው የቲቢ አስተባባሪ መዝገቡን ይዘው ይቅረቡ። ቁጥሯ ወደ 40 ትውረድ ወይስ ወደ 60 ትውጣ የሚለው ያኔ በራሳችሁ ታካሚዎች ውጤት ላይ ተመሥርቶ ሊወሰን ይችላል።